ያልተቋጠሩት ሳህኖች

ሃዘልባክ፣ አልበርታ
ማርች 5 ቀን 1984

«ደህና ደህናዎቹን ሳህኖች ተዪያቸው፣ አትቋጥሪ።»

ይህን ያለችው የሰባኪያችን የዘካርያስ ሚስት ጁስቲና ናት። ያለችውም ለልጇ ነው። እኔ ደጃፏ ላይ ቆሜ ከጫማዬ በረዶ ሳራግፍ ሰማሁ።

ውድ ወንድሜ ኤልያስ፣ ሰላምታው መቅደም ነበረበት፤ ነገሩ እንዳይጠፋኝ ብዬ ነው። የጌታ ፍቅርና ሰላም በዚያ ዝናብ በማይለየው ከተማ ካንተ ጋር ይሁን። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

መቼም ወሬው ሳይደርስህ አይቀርም፤ መንደራችን ሃዘልባክ ለሁለት ሊከፈል ነው። መቶ አርባ ሰባት ነፍስ ሆነናል። በመመገቢያው አዳራሽ ወንዶቹ በክርን ሳይጋጩ ሾርባቸውን መጠጣት ሲያቅታቸው፣ ጉዳዩ የመንፈስ ቅዱስ ምሪት መሆኑ ታወቀ። ከወንዙ ማዶ የሁለት ሰዓት መንገድ ላይ መሬት ተገኝቷል። ስምንት ቤት ቆሟል፤ ሦስቱ በር አላቸው። ዛፍ የለም።

ሃያ ስድስት ዓመት ከተማ ኖረህ ደንቡን ረስተኸው እንደሆነ ላስታውስህ። ሁለት መዝገብ ተከፍቷል፤ አንዱ የዘካርያስ፣ ሌላው የሁለተኛው ሰባኪ የቤንያም። እያንዳንዱ ቤተሰብ አብሮት መኖር በሚፈልገው ሰባኪ ስር ይጻፋል። የትኛው መዝገብ እዚህ እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚሄድ ግን ማንም አያውቅም። ስለዚህ ሁሉም ሰው፣ የሚቀረውም ጭምር፣ ቤቱን እስከ መጨረሻው ማንኪያ ይቋጥራል። ኤፕሪል 24 ጠዋት ዕጣ ይወጣል። ዕጣው የወጣበት ወገን ያንኑ ቀን መኪና ላይ ይወጣል፤ የቀረው ዕቃውን መልሶ ይፈታል።

ልጄ ሌዊ በቤንያም መዝገብ ተጽፏል። እኔም መበለት ነኝና ከልጄ ጋር ተጽፌአለሁ። የባለቤቴ የእንድርያስ መቃብር ካለበት መንደር መውጣት አልፈልግም። ይህን ለእግዚአብሔር ነግሬዋለሁ፤ ለሌላ ሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

ጁስቲና ግን አሳዘነችኝ። እኛ ዘንድ መሬቱም ከብቱም የጋራ ነው፤ ሴት የኔ የምትለው ለሠርጓ የተሰጣትን ሳህን ብቻ ነው። ሰባት ልጅ አሳድጋ፣ ሃያ ሰባት ዓመት የሰባኪ ሚስት ሆና ኖራ፣ አሁን ሳህን መቋጠር ቢታክታት አይፈረድባትም።

ዳክዬዎቹ ዘንድሮ ደህና ላባ ሰጥተዋል። ትራስ ከፈለግህ ጻፍልኝ።

እህትህ ራሄል


ቫንኩቨር
ማርች 19 ቀን 1984

ለተወደድሽው እህቴ ለራሄል፤ የአባቶቻችን አምላክ ጤናና ዕድሜ ይስጥሽ፣ የሌዊንም ልጆች ይባርክልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ጫማ እሰፋለሁ፤ ዝናብ ይዘንባል፤ ጫማው ይበሰብሳል፤ መልሰው ያመጡልኛል። እግዚአብሔር ለጫማ ሰፊ ብሎ የሠራው ከተማ ነው። ደንበኞቼ ከየት ነህ ሲሉኝ ሁሉን ነገር በጋራ ይዘው ከሚኖሩት ከሁተራውያን መንደር ነኝ እላቸዋለሁ። ገዳም ነው ወይ ይሉኛል። አዎ፣ መነኮሳቱ ዘጠኝ ዘጠኝ ልጅ ያላቸው ገዳም ነው እላለሁ።

ራሄል፣ ጁስቲና አልታከታትም። ልጅ ሳለሽም እንዲሁ ነበርሽ። ቀበሮ ዳክዬ ቤት ደጃፍ ላይ ብታዪ ብርድ ቢመታው ነው የምትዪ ልጅ ነበርሽ። ሰው ሳህኑን የማይቋጥረው የትም እንደማይሄድ ሲያውቅ ነው። ዕጣው የሚወጣው ኤፕሪል 24 ከሆነ የሰባኪው ሚስት በማርች 5 ከየት አወቀች?

እኔ ዕጣ ያዳላል አልልም። የማውቀው የ1957ቱን ብቻ ነው። ደንቡን አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰባኪ ሲመረጥ ወንዶቹ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ከአምስት በላይ ያገኘ ሁሉ ስሙ ባርኔጣ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ አንድ ስም ይወጣል። ድምፁን የሚቆጥሩት ከሌላ መንደር የመጡ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ማን ስንት እንዳገኘ፣ የማን ስም እንደገባ አይናገሩም። እኔ ግን በጣቴ ቆጥሬ ነበር። ቢያንስ አሥር ነበረኝ። ያንቺው እንድርያስ ከበረቱ ጀርባ ወስዶ «ላንተ ነው የሰጠሁት» ብሎኛል። ባርኔጣው የማን ነበር? የዘካርያስ አጎት። የወጣውስ ስም የማን ነበር? ይህን እንኳ አልነግርሽም፤ ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ ስትሰሚው ኖረሻል።

በዓመቱ መንደሩን ጥዬ ወጣሁ። እናንተም ኮብላይ አላችሁኝ። አልተቀየምኩም። ባርኔጣ ማድረግ ግን ትቻለሁ።

ምክሬ አጭር ነው። ወደ ዘካርያስ መዝገብ ተሻገሪ። ትራሱን ላኪልኝ።

ወንድምሽ ኤልያስ


ሃዘልባክ
ማርች 30 ቀን 1984

በጌታ የተወደድህ ወንድሜ፤ ጸጋና ሰላም ይብዛልህ። ከዚህ በታች የምጽፈው ከዚህ ሰላምታ ጋር ስለማይሄድ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ደብዳቤህን አንብቤ ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ በጁስቲና ቤት በኩል ሁለት ጊዜ አለፍኩ። እዚያ በኩል ጉዳይ አልነበረኝም። ሳጥኖቿ ደጃፉ ላይ ተደርድረዋል። ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆኑት ሳህኖች ግን አሁንም ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው፤ በመስኮቱ ይታያሉ።

ሐሙስ ዕለት ሴቶቹ ሁሉ ለሾርባ ፓስታ የሚሆን ሊጥ ስንዳምጥ ቦታዬ ከጎኗ ሆነ።

«ጁስቲና፣ ቋጥረሽ ጨረስሽ?» አልኳት።

«ከሞላ ጎደል።»

«ሳህኑንም?»

መዳመጫዋን አቆመች። «ራሄል፣ የኔን ሳህን መቁጠር የጀመርሽው ከመቼ ወዲህ ነው?»

ሴቶቹ ሳቁ። የዶሮ ቤት ኃላፊው ሚስት ማርታ መች ታልፋለች፣ «ተዪያት እባክሽ፤ ራሄል ሳህን አትቆጥርም፣ የሚበሉበትን ነው የምትቆጥረው» አለች። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሊጤ ግን ያን ቀን ወፍራም ወጣ፤ ወንዶቹም ሳይበሉት በፊት ነገሩኝ።

እሁድ ከጸሎት ስንወጣ ሌዊን ያዝኩት።

«ወደ ዘካርያስ መዝገብ ብንዞርስ?»

«ለምን?»

«እንዲሁ።»

«እማማ፣ አንቺ እንዲሁ ስትዪ የአጎቴ ደብዳቤ መጥቷል ማለት ነው።»

«አልመጣም አላልኩም።»

«እኔ ለቤንያም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ደግሞ ዕጣ የእግዚአብሔር ጣት ነው ብለሽ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ። ተለወጠ እንዴ?»

«አልተለወጠም።»

«እንግዲያው ሂጂና ማንኪያሽን ቋጥሪ።»

ልጄን በደንብ አሳድጌዋለሁ፤ ጉዳቱን አሁን ነው የማየው።

አልሻገርም፣ ኤልያስ። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እንደማልሻገር ልነግርህ ብቻ ነው። ትራሱ በፖስታ ሄዷል።

ራሄል


ቫንኩቨር
ኤፕሪል 9 ቀን 1984

ለውድ እህቴ፤ ሰላምና ጤና ይብዛልሽ። ትራሱ ደርሷል። አባታችን ቤት የተኛሁ መስሎኝ አደርኩ፤ ስነሳ አንገቴ አልዞር አለ፤ ያኔም እንደዚሁ ነበር።

የማይሻገር ሰው እንደማይሻገር ለመናገር ሁለት ገጽ አይጽፍም።

ሌዊ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ሚስቱ ሱዛና አለችው፣ ልጆች አሉት። ወዲያ ማዶ ቢሄድ በየበዓሉ እየመጣ ይጠይቅሻል። እንድርያስ ግን መጥቶ አይጠይቅሽም፤ የምትሄጂበት አንቺ ነሽ።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ስልሳ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። በመከር ወደ ሃዘልባክ ልመጣ አስቤአለሁ። ለመቆየት አይደለም፤ ወይም ይሆናል፤ እሱን እዚያ ስደርስ አየዋለሁ። ደጃፍሽ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀምጬ አባታችን ለነፋስ መከላከያ ብሎ የተከላቸውን ዛፎች ማየት ነው የምፈልገው። በር የሌለው ቤት ለማየት ግን ያን ሁሉ መንገድ አልመጣም።

ኤልያስ


አዲሱ መንደር (ስም ገና አልወጣለትም)
ሜይ 2 ቀን 1984

ወንድሜ፤ ሰላም ላንተ ይሁን።

ኤፕሪል 20 ወደ ዘካርያስ መዝገብ ተሻገርኩ። ዘካርያስ ስሜን ሊጽፍ እስክሪብቶ አንስቶ «ሌዊስ?» አለኝ። «ሌዊ አዋቂ ሰው ነው» አልኩት። ትንሽ አየኝና «ራሄል፣ እኔ እኮ የምሄድ ልሁን የምቀር አላውቅም» አለ። «ገብቶኛል» አልኩት። ፈገግም አልኩለት። ያቺን ፈገግታ ብመልሳት ደስ ይለኛል።

ዕጣውን ያወጡት ከደቡብ የመጡ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ባርኔጣው የራሳቸው ነው። ሁለቱን ወረቀት አጥፈው ከተቱና ጸለዩ። ጸሎቱ ረዘመ፤ ከውጭ የመኪናዎቹ ሞተር ይሰማል። አንዱን አወጡ። መነጽራቸውን ፈለጉ፤ መነጽራቸው ግንባራቸው ላይ ነበር። አነበቡ።

«የዘካርያስ ወገን ይሄዳል።»

አንድ ሕፃን አስነጠሰ።

በሃዘልባክ ያልተቋጠረ ቤት ሁለት ነበር። የጁስቲና፣ እሱም ከሳህኖቹ በቀር ተቋጥሯል፤ ሌላው የኔ። ሌዊ ዕቃዬን ሊጭንልኝ መጣ። ሳጥኖቼ ደጃፍ ላይ በገመድ ታስረው ተደርድረዋል። አንዱን ሊያነሳ ጎንበስ አለና፣ ከባድ መስሎት ኖሮ፣ ወደ ኋላ ተንገዳገደ። ሁለተኛውን አነሳ። ሦስተኛውን በእግሩ ገፋ አድርጎ ተወው። ወደ ቤት ገብቶ ማንኪያዎቼን በጋዜጣ ይጠቀልል ጀመር። ሱዛና ልጆቹን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከልጆቹ አንዱ «አያቴ ለምን ባዶ ሳጥን አሰረች?» አለ። ዝም አሰኘችው።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ሌዊ «ሾርባው ሳይቀዘቅዝ ትደርሳላችሁ» አለኝ። ያን ቀን ያናገረኝ ይህን ብቻ ነው።

ጁስቲና ከጎኔ ተቀምጣ ነበር። ወንዙን እስክንሻገር ታገስኩ።

«ሳህኖቹስ?» አልኳት። ከሳህን ሌላ ወሬ የሌለኝ ሴት ሆኛለሁ።

«ቁም ሳጥኑ ውስጥ ናቸው። ቤቱን የሚረከበው ሰው ይብላባቸው።»

«ብትቀሩስ ኖሮ?»

«ብንቀርም ለወጥ ቤቱ ልሰጣቸው ነበር። ሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር ሐኪሙ በጃንዋሪ ነግሮኛል። እስከ መከር ነው ያለኝ። ለዚያ አንድ ሳህን ይበቃኛል። ሴቶች ልጆቼ በዕቃ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ መሞት አልፈልግም።»

«ዘካርያስ ያውቃል?»

«ዛሬ እነግረዋለሁ። ከዕጣው በፊት ብነግረው እንድንቀር ይጸልይ ነበር። ዕጣን ማገዝ ደግ አይመስለኝም።» ከዚያ እጄን መታ መታ አደረገችኝ። «አንቺን ግን እግዜር ይስጥሽ። ልጅሽን ትተሽ ከኛ ጋር ስትጻፊ፣ ራሄል ሳህኖቹን አይታ ነገሩ ገብቷታል፣ ልታስታምመኝ ነው አልኩ። ለዘካርያስም እንዲሁ ነው የምነግረው።»

እሺ አልኩ።

አሁን ከክፍሏ ቀጥሎ ያለው ክፍል የኔ ነው። በሩ ማክሰኞ ይገጠማል ተብሏል። ነፋሱ ከየትም ይመጣል፤ የሚያቆመው የለም። በመከር እጠብቅሃለሁ።

ራሄል


ቫንኩቨር
ጁላይ 11 ቀን 1984

ለእህቴ ለራሄል፤ ባለሽበት የእግዚአብሔር ጥበቃ አይለይሽ። መልሴ ስለ ዘገየ ይቅርታሽን እለምናለሁ። በዚህ ሰሞን ብዙ ጫማ መጣ።

ስለ ጁስቲና አዝናለሁ፤ ልጅ ሳለን ጥሩ ትሮጥ ነበር። አንቺም ደህና እንደሆንሽ ተስፋ አለኝ። በሩ ተገጠመ? እዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳይዘንብ ቀረና ሰው ሁሉ ግራ ገባው።

በመከር መምጣቴ አጠራጣሪ ነው። ጉልበቴን ያመኛል፤ ሱቁንም የሚይዝልኝ የለም። ምናልባት በሚቀጥለው ዓመት።

አንድ ነገር ግን ሳልል አላልፍም። አንዱ ዕጣ ንጹሕ ነበር ማለት ሌላው ንጹሕ ነበር ማለት አይደለም። ሰባኪዎቹ የየዓመቱን ነገር የሚጽፉበት አሮጌው የመንደር መዝገብ ዘካርያስ ጋ መሆን አለበት፤ መንደር ሲከፈል ለአዲሱ መንደር ይገለበጣል። አንቺ አጠገቡ ነሽ። የ1957ቱን ገጽ እይልኝ። ከዚህ ሌላ የምጠይቅሽ ነገር የለም። ትራሱ ጥሩ ነው።

ኤልያስ


አዲሱ መንደር
ኦክቶበር 3 ቀን 1984

የተወደድህ ወንድሜ ኤልያስ፤ ከእግዚአብሔር የሆነ ምሕረትና መጽናናት ይድረስህ። መጽናናቱን ዛሬ ደጋግሜ ጠይቄልሃለሁ።

ጁስቲና ሴፕቴምበር 12 ዐረፈች፤ ስንዴው ገብቶ ባለቀ በሦስተኛው ቀን። ሐኪሙ ጎበዝ ነው። የመንደሩ የመጀመሪያ መቃብር የእሷ ሆነ። በቀብሯ ላይ ዘካርያስ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ፤ ልጇን ትታ ልታስታምም የመጣች እህት አለኝ። ሌዊም እዚያ ቆሞ ይሰማ ነበር። ቀና ብሎ አላየኝም። ሾርባ ጠጥቶ ከሃዘልባክ ሰዎች ጋር ተመለሰ።

መዝገቡን አይቼዋለሁ። አይቼ ብቻ አይደለም፤ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። የዘካርያስ እጅ ይንቀጠቀጣል። «የትምህርት ቤት ጽሕፈትሽ አሁንም ደህና ነው?» አለኝ። እኛ ዘንድ ሴት ድምፅ የላትም፤ የእጅ ጽሕፈት ግን ይፈቀድላታል።

እንዲህ ያለ ታሪክ እንዳለን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያው ሰባኪያችን ሚካኤል፣ በ1918 ወታደር አንሆንም ብለን ከደቡብ ዳኮታ ተነቅለን ስለመጣንበት ስደት ሦስት መስመር ጽፈዋል። ባመጣቸው ባቡር ላይ እግሯ ስለተሰበረ ላም ግን አንድ ገጽ ተኩል። ከእሳቸው ቀጥሎ ሰባኪ ዮሐንስ ሃያ ዓመት መሩን፤ ሬዲዮ ከለከሉ፣ ትራክተር ላይ ጎማ ማድረግም ከለከሉ። በስተርጅና ወገባቸውን ሲያማቸው ጎማው ተፈቀደ። ሬዲዮው አልተፈቀደም፤ ጆሯቸው ደህና ነበር። የአባታችን ዛፎች ሁለት መስመር አግኝተዋል።

አንተም አለህ። በ1958 ዓመት ስር፦ «ጫማ ሰፊው ኤልያስ ከእኛ ወጣ። ጌታ ይመልሰው።» የዘካርያስ ጽሕፈት ነው። ከዚያ በየዓመቱ በገና ሰሞን፣ የተወለደውንና የሞተውን ጽፎ ሲጨርስ፣ ከስር «ኤልያስ አልተመለሰም» ይላል። ሃያ ስድስት ጊዜ ገለበጥኩት።

ሽማግሌዎቹ ለሰባኪው ብቻ የተዉት የ1957ቱ የድምፅ ወረቀት ታጥፎ ገጹ ላይ ተሰፍቷል፤ ማን ለማን እንደሰጠ ስም በስም አለ።

«ይህንንም ልገልብጥ?» አልኩት ዘካርያስን።

«እሱን ተዪው።»

«ለምን?»

«ለማንም አይጠቅምም። ለኤልያስ ደግሞ በፍጹም።»

እኔም እንዳለኝ ተውኩት። ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ያለዚህ ነገር ጨርሼው ነበር። ግን ጠይቀኸኛል፤ እኔም ያንተን ምክር ሰምቼ እዚህ ነኝ።

እንድርያስ ላንተ አልሰጠም። ለቤንያም አባት ነው የሰጠው። ላንተ እንደሰጠ ለኔም ነግሮኝ ነበር፤ ለሱ መቃብር ስል ያደረግኩትን አንተ ታውቃለህ።

በሩ ተገጥሟል። ክረምቱ ሳይገባ ዛፍ እንተክላለን ብለዋል። የጌታ ሰላም ካንተ ጋር ይሁን።

እህትህ ራሄል

ባርኔጣው ውስጥ የገቡት ሦስት ስሞች ናቸው፤ ያንተ አልገባም። ያገኘኸው ሁለት ድምፅ ነው። አንዱን የሰጠህ ዘካርያስ ነው።